እጅ ያዥ የሌለው አይሳፈርም

ፍቅር ይከብዳል የሚል ሰው ሃያ ዘመዳሞችን በአንድ ጀልባ ለማሳፈር ሞክሮ አያውቅም። አንዷ ጥላ ካልሆነ ትላለች፣ አንዱ ፀሐይ ካልሆነ። ሕፃኑ ነቅቶ ሲጮህ ጎረምሶቹ ገና መተኛታቸው ነው። አያት ደረጃ መውጣት አይችሉም፣ አጎት ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር ካልወጣሁ ይላል። የእኔ ሥራ ይኼው ነው። በባሕር ዳርቻው ሆቴል የሽርሽር አስተባባሪ ነኝ፤ ማን የት እንደሚሄድ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት አውቃለሁ። ስንት የተኳረፉ እህትማማቾችን ደሴት አድርሼ፣ አስታርቄ መልሻለሁ። የራሴን የልብ ጉዳይ ግን ማስተባበር አቅቶኝ ዓመት አለፈኝ።

ጉዳዬ ሜትሩ ነው። ስሙን ያወጡለት ቤተሰቦቹ ናቸው። የቤት ዕቃ ፋብሪካ አላቸው፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ያለ ሜትር ውሎ አያውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲመጣ የበረንዳችንን ጠረጴዛ በርከክ ብሎ ሲለካ አገኘሁት።

«አንዱ እግር አጥሯል» አለኝ ቀና ብሎ።

«እናውቃለን። ለዚህ እኮ ነው ካርቶን አጥፈን የወተፍንበት።»

ሳቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔንም እንደዚያው ወሰደኝ። ደወለ፣ ደወልኩ። ለሥራ ወደ እኛ ከተማ ብቅ ባለ ቁጥር በሆቴሉ በር ሳይሆን በዓሣ ገበያው በኩል ዞሮ ያገኘኝ ጀመር። ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር ታይቶ ሥራው ላይ አይሰነብትምና ተደብቀን ነበር የምንዋደደው። አምና ግን መደበቁ ሰለቸን። በዕረፍቱ መጨረሻ ቀን ለእናቱ ሊነግራቸው ተስማማን።

ያ ቀን መጣ። እናቱ እንግዳ መቀበያው ፊት ቆመው «ይቺ ልጅ ምንህ ናት?» ሲሉት ሰማሁ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ነበርኩ፤ ልጆቹ ረስተውት የሄዱትን የአሸዋ ባልዲ ይዤ። መልሱን ጠበቅኩ።

«ማንም አይደለችም» አለ። «አስተባባሪዋ ናት።»

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳሁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሰው ምስጢር ለጠበቀ ይሆናል እንጂ የሚወዳትን ሴት ለደበቀማ ዝምታም ይነቅዛል። ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈ እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው።

*

ዘንድሮ የቤተሰቡን ሽርሽር እንዲያዘጋጅ የተወከለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ! መልእክቱ በሆቴሉ አድራሻ መጣ።

«የተከበርሽ አስተባባሪ፣ ለአያታችን መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ለሕፃኑ ጥላ፣ ለአጎታችን የሚወጣው ደረጃ እንዲዘጋጅ በትሕትና እንጠይቃለን። በተጨማሪም ከመካከላችን አንዱ አምና ባሕሩ ዳር የጠፋበትን ሊፈልግ ይመጣል።»

እኔም ኮስተር ብዬ መለስኩ። «የተከበሩ ደንበኛችን፣ ወንበሩም ጥላውም ደረጃውም ይዘጋጃሉ። የጠፋ ዕቃን በተመለከተ እንግዳ መቀበያውን ያነጋግሩ።»

«የጠፋብኝ ዕቃ አይደለም» ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ ለምን ጣልከው?» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ አጠፋሁትና «ከአክብሮት ጋር» ብቻ ብዬ ላክሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ሩቅ ያለ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሥራ ሰጥቶኝ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ደመወዙም ማዕረጉም ካለሁበት ይሻላል። እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ይኼ ሰው ዘንድሮም በቤተሰቡ ፊት ዝም ካለ፣ እነሱ በሄዱ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ ባሕሩንም እሱንም እረሳለሁ። ከተናገረ ደግሞ… ከተናገረ የሚሆነውን አላሰብኩበትም፤ ማሰቡ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

አውቶቡሱ ሲመጣ በረንዳው ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ፊቴን ለሁሉም እኩል ለማዞር ስንት ጊዜ ተለማምጄ መሰላችሁ! መጀመሪያ አያታቸው ወረዱ፤ ሁሉም እማማ ነው የሚሏቸው። ቀጥሎ አጎት፣ ሚስቱ፣ እህቶች፣ ጎረምሶች፣ ሕፃን። ከዚያ የሜትሩ እናት፣ በፋብሪካው ሳይቀር እትዬ የሚባሉት፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወረዱ። አዎ፣ ጢም ያወጣ ሰው በእናቱ እጅ ተይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ቤት የተለመደ ነው። አየኝ። አየሁት። ከስቷል። ወዲያው ግን ከኋላው ጥላ የሚያክል ባርኔጣ ያደረገች ቆንጆ ልጅ ብቅ አለች።

«የእንጨት አቅራቢያችን ልጅ ናት» አሉ እትዬ፣ እኔን ሳይሆን አየሩን እያዩ። «ዘንድሮ ከኛ ጋር ታርፋለች።»

ለማን እንደመጣች ለመገመት አስተባባሪ መሆን አያስፈልግም።

እማማ ባለባርኔጣዋን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ስሚ የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ሕግ አለ» አሏት። በከዘራቸው ሜትሩን ጠቆሙ። «ይሄ ገና ሕፃን ሳለ በሁለት መኪና እዚህ መጣን። ስንመለስ እናቱ ‹እማማ ጋ ነው› አለች፣ እኔ ‹እናቱ ጋ ነው› አልኩ። ቤት ገብተን ብናይ ልጅ የለም! እየበረርን ስንመጣ ብቻውን አሸዋ ላይ ተቀምጦ ባሕር ባሕሩን ያያል። ከዚያን ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ሰው አንድ እጅ ያዥ አለው። ስሙ ሲጠራ ‹እጅ ያዤ አለ› ካላለ መኪናም አይነሳ፣ ጀልባም አይነሳ።»

«እንግዳስ?» አለች ልጅቷ።

«እንግዳ ከሻንጣ ጋር ነው የሚቀመጠው» አለ አጎት እየሳቀ። «የዚህ ቤት አማች ሠርጉ አይቆጠርለትም። እማማ እጅ ያዥ የሰጡት ቀን ነው ቤተሰብ የሚሆነው። እኔ ሚስቴን ከሻንጣ መሃል ነው ያወጣኋት።»

ሁሉም ሳቁ። የሜትሩ እጅ ያዥ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ናቸው። እሱ ግን አልሳቀም፤ በሰዎቹ ትከሻ አሻግሮ እኔን ያይ ነበር። ዓይኔን ሰበርኩ። የተሰበረው ግን ዓይኔ ብቻ አልነበረም።

*

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ሰው አልጠፋም። ሁሉም «በኔና ባንቺ ይቅር» እያለ ነው የሚገባው። የአጎት ሚስት ነገ አሮጌው ምሽግ ላይ ባሏ ታሪክ ማውራት ከጀመረ ሾፌሩ ቶሎ ጡሩምባ እንዲነፋ ለመነችኝ። አጎት በበኩሉ ሾፌሩ እንዳይቸኩል ለመነኝ። ጎረምሶቹ የደሴቱ ጉዞ ከምሳ በኋላ ይሁን አሉ፤ ከምሳ በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ባሕሩ ይቆጣል ስላቸው «እኛም እንቆጣዋለን» አሉኝ። እማማ ሳይቀሩ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጥተው «እነሱ ሳያዩኝ እግሬን ውሃ የምነክርበት ቦታ ፈልጊልኝ፤ ጉንፋን ይይዝሻል እያሉ ባሕር ዳር አምጥተው ባሕር ይከለክሉኛል» አሉ። ለሁሉም እሺ አልኩ። ሁሉም ይቻላል፣ ማንን ማስቀደም እንዳለብሽ ማወቅ ብቻ ነው።

በመጨረሻ እትዬ ገቡ። በሩን ዘጉ።

«ደሴቱ የምንሄድ ቀን እንግዳችንን የልጄ እጅ ያዥ አድርጊያት።»

«የሚመድቡት እማማ አይደሉም እንዴ?»

«እማማን እኔ አነጋግሬያለሁ። አንቺ ወንበር አደላድይ፣ ስማቸውን ጎን ለጎን ጥሪ። ሌላው ያንቺ ሥራ አይደለም።» ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉ። ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ ያ ለስላሳነት ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። «አየሽ፣ ሞኝ አይደለሁም። ሁለታችሁንም አያለሁ። አንቺም ገና ልጅ ነሽ፣ ታገኛለሽ።»

«ምኑን ነው የማገኘው፣ እትዬ?»

«የሚመጥንሽን።»

የሚመጥነኝን! አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ እናቴ መረብ ጠጋኝ ናት፤ የሚመጥነኝ ምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም፤ ቀና ብለሽ ሂጂ ነው ያሉኝ። ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩትና «እሺ» አልኩ። ባለባርኔጣዋንና እሱን በስም ዝርዝሬ ላይ በገዛ እጄ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስንቱን ቤተሰብ ሳደላድል ኖሬ ለራሴ ልብ መቀመጫ አጣሁ። እንደዚያን ቀን ሥራዬን ጠልቼው አላውቅም።

በማግስቱ ምሽጉ ጋ ሄድን። አጎት ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆመ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እያስተዋወቀ ወጣ። እማማን ከምሽጉ ስር ዓለቱ ከንፋስ የሚከልለው ጥልቅ ያልሆነ ውሃ ዳር አስቀመጥኳቸው። ባለባርኔጣዋ «እኔም አልወጣም» ብላ ከእሳቸው ጋር ቀረች። ከሩቅ ሳያቸው ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ያወራሉ። እንዲህ ነው የወደፊት አያትን መለማመድ አልኩ በሆዴ። ቅናት መልኬን ሳያበላሸው አልቀረም፣ ምክንያቱም ሾፌሩ «አሞሻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከአውቶቡሱ ኋላ የውሃ ሣጥን ሳወርድ አንድ እጅ ሣጥኑን ከጎን ደገፈው። ሳላይ አወቅኩት።

«ዓመት ሙሉ ስልክ አላነሳሽም» አለኝ ሜትሩ።

«‹ማንም› ስልክ አያነሳም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰምተሽ ነበር?»

«ከምሰሶው ኋላ ነበርኩ። ባልዲ ይዤ።»

ሣጥኑን መሬት አስቀመጠው። «ሥራ አስኪያጅሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር እኮ! ከእንግዳ ጋር የታየ ይባረራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እናቴ እሱ ፊት ስትጠይቀኝ ምን ልበል? ያዳንኩሽ መስሎኝ…»

«ብባረር ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። ሥራ ይገኛል። አንተ ‹ማንም› ያልከኝ እኔ ግን እስካሁን አልተገኘሁም!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ምሽጉ ግድግዳ ላይ ተመትቶ ተመለሰ። ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የፈራሁት ስለ ሥራሽ ብቻ አይደለም። እናቴን ነው የፈራሁት። አሁንም ድረስ እጄን ስትይዘኝ መዳፏ ያልበዋል። እንደገና የምጠፋባት ይመስላታል። እንዴት አድርጌ እጄን ልቀማት?»

«እኔ ቅማት አላልኩህም» አልኩት። «ሁለት እጅ አለህ።»

እጆቹን አያቸው፣ የሰው እጅ ይመስል። እኔም እንባዬ ከመቅደሙ በፊት የቀረውን ነገርኩት፦ ሌላ ሥራ እንዳገኘሁ፣ እነሱ ሲሄዱ እኔም እንደምሄድ፣ ደሴቱ ላይ እጅ ያዡ ማን እንደሆነች።

«በራስሽ እጅ መደብሻት?»

«ሥራዬ ነው።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ከላይ የአጎት ተቃውሞ ተሰማ፤ ከታች የሚስቱ ሳቅ። ሜትሩ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እኔ ግን ሣጥኔን አንስቼ ሄድኩ። ከኋላዬ እያየኝ እንደሆነ ጀርባዬ ይነግረኝ ነበር፤ መዞር እየፈለግኩ አልዞርኩም።

*

የደሴቱ ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ገና ማንም ሳይወጣ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ ዕቃዬን ሳሳርፍ አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካርቶኑ የለም። አጭሩ እግር ስር ልክክ ያለ፣ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት ተገጥሟል። ከቤቱ ሠርቶ ይዞት የመጣው መሆን አለበት። ዓመት ሙሉ ልኩን አልረሳውም ማለት ነው። ቁጭ ብዬ በሁለት እጄ ጠረጴዛውን ያዝኩትና ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ መሳፈሪያው ወረድኩ፤ ለጠረጴዛ የተጨነቀ ለኔ ለምን አፉን እንዳልከፈተ እያሰብኩ ንዴቴ ተመለሰ።

ባሕሩ ጠዋት እንደሚሆነው ተኝቷል። እማማ መደገፊያ ባለው ወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ ሕፃኑ ጥላ ስር ነው፤ ጎረምሶቹ እንቅልፋቸውን ይዘው ተሳፍረዋል። እኔ እንደወትሮዬ መሳፈሪያው ላይ የጀልባዋን ገመድ ይዤ ቆምኩ። አስተባባሪ ደሴት አይሄድም፤ ስም ይጠራል፣ ገመድ ይጥላል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ከዚያ ምሳ ሊያሳስብ ይመለሳል።

ስም መጥራት ጀመርኩ። «እጅ ያዤ አለ!» «እጅ ያዤ አለች!» እያሉ ተቀባበሉ። የሜትሩ ተራ ደረሰ። ስሙን ከባለባርኔጣዋ ጋር አስከትዬ ጠራሁ። እትዬ ልጅቷን በትከሻዋ ገፋ አደረጓት።

ልጅቷ ግን ባርኔጣዋን አውልቃ እማማ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ክንዳቸውንም ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ይቅርታ እትዬ፣ እኔ የእማማን እጅ ይዣለሁ። ትላንት እግራችንን ውሃ ነክረን ስንጫወት ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። እኔ የምይዘው እጅ ሌላ ቦታ አለ፤ አባቴ ገና አልሰማም እንጂ። የሰው እጅ አልቀማም።»

«እግራችሁን ምን አደረጋችሁ?» አለ አጎት።

«አንቺ፣ እሱን ተይ ብዬሽ አልነበር!» አሉ እማማ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ። «ደግሞስ ለዚህ ልጅ እጅ ያዥ የሰጠው ማነው? እኔን ማንም አላነጋገረኝም።»

የእትዬ ፊት ቀላ። እስካሁን የእማማ እጅ ያዥ የነበረው አጎት የእናቱን እጅ ስለተቀማ ባዶ እጁን ከፍ አደረገ። «እኔ ነፃ ነኝ። ልያዝህ ሜትሩ?»

«ይቅርብህ አጎቴ» አለ ሜትሩ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ እትዬ። «ሁሌም እኔ ነኝ የምይዘው። በቃ፣ እንሂድ። ካፒቴን!»

ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሳ። እትዬ ወደኔ ዞረው «ገመዱን ጣይው!» አሉ።

ያኔ ሜትሩ ተነስቶ ቆመ። ጀልባዋ ወዲህ ወዲያ አለች።

«እማማ፣ ጀልባዋ መነሳት የለባትም። እጅ ያዤ አልተሳፈረችም።»

ሞተሩ እንደገና ጠፋ። ሞገዱ ብቻ እንጨቱን ሲልስ ይሰማል። «የታለች?» አሉ እማማ፤ ፈገግታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

«ያቻት። ገመዱን የያዘችው።»

ሃያ ሰው ባንዴ ወደኔ ዞረ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ሲመጣ መሮጥ የነበረብኝ ይመስላል፤ እኔ ግን ገመዱን ይበልጥ ጨበጥኩት። ከአንጀቴ የመጣ ኩራት ቀጥ አድርጎ አቆመኝ።

«አምና በዚህ ሰዓት ‹ማንም አይደለችም› ብለሃል» አልኩት። «እኔ ማንም ሆኜ አልሳፈርም። ማን እንደሆንኩ ንገራቸው። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ።»

ሜትሩ ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ ተናገረ። «የምወዳት ሴት ናት። ሁለት ዓመት ሆነኝ። አምና ፈርቼ ካድኳት፣ ዓመቱንም እንደ ጠፋ ልጅ አሳለፍኩት። ላገባት እፈልጋለሁ። እማዬ፣ ልሸሽሽ አይደለም። እጄ ሁለት ነው።»

«ሜትሩ!» አሉ እትዬ። «ሰው ምን ይላል? የሆቴል…»

«ዝም በይ ልጄ!» የእማማ ከዘራ የጀልባዋን ወለል መታ። «አንዴ ይሄን ልጅ እዚህ አሸዋ ላይ ጥለነው ሄደናል። አንቺ እኔ ጋ ነው ብለሽ፣ እኔ አንቺ ጋ ነው ብዬ። ዛሬም ሥጋው ከኛ ጋር ተሳፍሮ ልቡ እዚህ ሊቀር ነው። እኔ ሁለተኛ ልጅ ጥዬ አልሄድም!»

እትዬ መጀመሪያ እናታቸውን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ማንንም ሳይደገፉ ወደ መሳፈሪያው ወጡ። ፊቴ ቆሙ። እንዲህ ቀርቤ አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይኖቻቸው ቁርጥ የልጃቸውን ናቸው። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ትከሻዬን አጠነከርኩ።

«ያን ቀን ተመልሼ ሳገኘው» አሉ በቀስታ «መዳፉ አሸዋ ሞልቶ ነበር። አራግፌለት ያዝኩት፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አልለቀቅኩም። መያዙን ያዝኩት። ቀና ብዬ ፊቱን ማየቱን ግን ረሳሁ። ዛሬ ሲናገር አየሁት።» እንባቸው ወረደ። «ከትላንት ወዲያ ‹የሚመጥንሽን› ያልኩሽን እርሺልኝ።»

«እትዬ…»

«አጥብቀሽ ያዢው። ግን እንዳታሳምሚው፤ እኔ ሳላሳምመው አልቀረሁም።»

እጄን ያዙ። እውነትም መዳፋቸው ያልበዋል። ገመዱን ፈትቼ ለካፒቴኑ ጣልኩለት፣ ጫማዬንም አወለቅኩ፤ ሁለት ሴቶች ባዶ እግራችንን እየተንገዳገድን ወረድን። አጎት እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። «ነይ እህቴ» አላቸው እትዬን፤ «አንቺንም የሚይዝሽ ያስፈልጋል።» እትዬም እንደ ልጅ እሺ ብለው እጃቸውን ሰጡት።

ሜትሩ ፊቴ ቆሟል። እጁ ሲዘረጋ የእንጨት ሥራ ያጠነከረው፣ ሻካራ፣ ሙቅ ነበር። እጄ ውስጡ ሲገባ ደረቴ ላይ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ።

«ጠረጴዛውን አየሁት» አልኩት በሹክሹክታ።

«ስንት ጊዜ ለካሁት መሰለሽ!»

ከዳርቻው ሥራ አስኪያጃችን እየሮጠ መጣ። «አስተባባሪ! ማን ፈቀደልሽና ነው የተሳፈርሽው?»

«እኔ!» አሉ እማማ። «ልጃችን ናት። ምሳውን አንተ አሳስብ!»

ጀልባዋ በሳቅ ተናወጠች። እማማ ግን ሕግ ሕግ ነውና በከዘራቸው ወለሉን እንደገና መቱ።

«ሜትሩ! እጅ ያዥህ?»

«አለች!» ብሎ ጮኸ፤ ጎረምሶቹ ከእንቅልፋቸው ባነኑ።

«አንቺስ?»

ዘመኔን ሁሉ የሰው ስም ስጠራ ኖሬያለሁ። እኔን የጠራኝ አልነበረም። አፌን ስከፍት ሳቅና ልቅሶ ባንድ ላይ ወጡ።

«እጅ ያዤ አለ!» አልኩ፤ የዳርቻው ድንጋይ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ተነስተው በረሩ።

ሞተሩ ተነሳ። መሳፈሪያው እየራቀ፣ ሆቴሉ እያነሰ ሄደ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከሐይቁ ሆቴል ነው፣ መልሴን ፈልገው። ለእነሱ የምሰጠውን መልስ እኔው ራሴ አስቤ እሰጣለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አላነሳሁትም። እጄ ተይዞ ነበር።